ጉሬዛ ዱባ የቀመሰችበት ዜና

ወይዘሮ በየነች የሚዛን ተፈሪ ግቢያቸውን ቁልፍ በጨበጡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የውኃው ሮቶ በተተከለ በሦስተኛው፣ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ምሳ ሆነ።

ከዚያ አስቀድሞ፣ ጾም በገባ ዕለት፣ ባለግቢዋ በተከራዮቻቸው ሁሉ ፊት እንዲህ ሲሉ ዐውጀው ነበር፦ «ስሙ! እስከ ፋሲካ በዚህ በር ሥጋ አይገባም። ድመትም ብትሆን የግቢው ሰው ናት፤ የበላነውን ትብላ። እስከ ሁለተኛው ረቡዕ ገበታችንን ካልለመደች ሸዋ ቤንች ላለችው እህቴ እሰጣታለሁ፣ በቃ!»

ጥቁርና ነጯ ድመት ጉሬዛ በእግራቸው ሥር የምትተኛላቸው ጡረተኛው መምህር አቶ አስረስ ይህን ሰምተው እንቅልፍ አጡ፤ ያለ እርሷ ክፍሉ ይሰፋባቸዋልና። ወተንሥአ አስረስ! ጎመን አቀረቡ፣ አሽትታ ጀርባዋን ሰጠች፤ ቀይ ሥር አቀረቡ፣ ጢሟን አቅልታ ሄደች፤ ድንች ወጥ ሊያቀርቡ ሲሉ ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ተከራይ ካሰች በር ላይ ቆማ ዐወጀች፦ «ጋሼ፣ እንዳያደርጉት! ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ለድመት መርዝ ነው፤ ሽሮውም ያው ነው። ያለ ጨው የተቀቀለ ዱባ ትንሽ ብትቀምስ አይጎዳትም። ድመት ግን በሥጋ እንጂ በዱባ አትኖርም፣ ብያለሁ!»

ጉሬዛ ዘጠኝ ቀን ከገበታው ሳትቀምስ መክሳት ሲገባት መወፈሯ ሁሉን አስደነቀ፤ አዋቂዎችም «የጾም በረከት ነው» ብለው ዘጉት።

በቀጠሮውም ቀን አቶ አስረስ የዱባውን ሣህን ይዘው ወጡ፤ ባለባጃጁ ቴዲ ክላክስ እየነፋ፣ ጾሙ ባይመለከተውም ለአዋጁ ክብር ሥጋ የተወው ባለሱቁ ጀይላን ለባለግቢዋ በርጩማ ተሸክሞ፣ ካሰችም ነጭ ጋወኗን ለብሳ ተከተሏቸው።

ጉሬዛም ቀረበች፣ ምላሷንም አውጥታ ላሰች፤ የላሰችው ዱባውን ይሁን የአቶ አስረስን አውራ ጣት፣ ሊመረምር የወደደ አልነበረም። እልልታም ሆነ፤ አቶ አስረስም ዱባ አጉራሽ፣ ድመት አሳማኝ፣ የጉሬዛ ጋሻ ተባሉ። ወይዘሮ በየነችም ከበርጩማቸው ሳይነሡ ዐወጁ፦ «ይኸው ገበታችንን ለመደች፤ ትኑር!»

ጉሬዛ ግን ሣህኑን ተሻግራ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ በባለግቢዋ ጭን ላይ ወጣች፤ ከመቀነታቸውም ሥር አንዲት ትንሽ ፌስታል ጎትታ አወጣች። ጉበት ነበረ፤ ለድመት አፍ ተለክቶ የተከተፈ፣ ያለ ሽንኩርት።

 አቶ አስረስ፣ ካሰች፣ ቴዲና ጀይላንም፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃቸውን በየኪሳቸው ላይ ጫኑ።