ከሶፋ ላይ የተገመተ ቤት

ሐበሻ የሰው ቤት ገብቶ እንከን አይናገርም። ጣሪያው አናቱ ላይ እያንጠባጠበበት እንኳ «እንዴት ደስ የሚል ቤት ነው!» ይላል። ጨዋነት ነው፣ አልቃወምም። ግን ጨዋ ሰው ጦሙን የሚያድርበት ሥራ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ፈልጌ አገኘሁት።

ሥራው እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር፣ ሆልሴል ይባላል። ያረጀ ቤቱን መሸጥ የሚፈልግ ሰው ፈልገህ ትዋዋላለህ፤ ውሉን ቤት እያደሰ ለሚሸጥ ገዢ ታስተላልፋለህ፤ መሃል ላይ ድርሻህን ትወስዳለህ። እኔ «ኢንቨስትመንት» እለዋለሁ። እናቴ «ድለላ» ትለዋለች። ትምህርቴን አቋርጬ ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ የማደርገውን ሁሉ ባጭሩ መሰየም ትወዳለች።

የሥራው ነፍስ ግን ግምቱ ነው፦ ቤቱን ለማደስ ምን ያህል ይፈጃል? ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር የሚኖረው ገዢዬ ቁርጡን ነግሮኛል። ጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ቧንቧ፣ መሠረት፤ አንዷን ከዘለልክ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ ብሏል። ሌላ ገዢ ደግሞ የለኝም።

የመጀመሪያ ቤቴ ከዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ተገኘ። ባለቤቶቹ ጋሽ ለማና እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልብስ ማጠቢያው ያለው ደግሞ በደረጃ የሚወረደው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ነው። ልጃቸው እዚያው አካባቢ ሴንቴኒያል፣ እሷ አጠገብ፣ ደረጃ የሌለው ቤት አይታላቸዋለች። ይሄኛው ካልተሸጠ ግን ያኛው አይገዛም።

ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጥብስ ቀረበልኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ በእጃቸው ያጎረሱኝን ሰዎች ሽንት ቤት በምን አፌ ነው ልፈትሽ የምለው? ባትሪዬ ከኪሴ አልወጣችም። እዚያው ሶፋው ላይ እንዳለሁ ጣሪያውን በዓይኔ ሳምኩት፣ ግድግዳውን በአክብሮት ተመለከትኩት። ይባስ ብሎ ምላሴ ሳያማክረኝ «ጋሼ፣ ቤትዎ ቤተ መንግሥት ነው እኮ!» አለ።

ጋሽ ለማ ይቺን ቃል ቀለብ አደረጓት። የዋጋ ነገር ሳነሳ «ቤተ መንግሥት ነው ያልከው አንተው አይደለህም? የት አገር ነው ቤተ መንግሥት በቅናሽ የሚሸጠው?» አሉኝ። ትንሽ ጥገና ሳይፈልግ አይቀርም ብዬ ብሞክር «ምኑ?» አሉ። ምኑ ልበል? ያየሁት ሶፋውን ነው፤ ሶፋው ደግሞ ምንም አልሆነም።

አመስግኜ ልወጣ ስነሳ እትዬ ጥሩወርቅ ባትሪ ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ መደገፊያውን ጨብጠው፣ በየደረጃው «እሰይ፣ ውረጂ እንግዲህ» እያሉ ለራሳቸው፣ ቤዝመንት አወረዱኝና እንከኑን አንድ በአንድ ያሳዩኝ ጀመር። ይሄ ግድግዳ በረዶ ሲቀልጥ ያልበዋል። ማሞቂያው ሲነሳ እንደ ትራክተር ያጓራል። ይሄ ቧንቧ በጨርቅ የታሰረ ነው፣ ጨርቁም የእሳቸው ሻርፕ ነው። የዋናው ውሃ መዝጊያ ያለው ከዚህ ከማሞቂያው ጀርባ ነው፣ እሱም እንደ በሬ ካልተጎተተ አይዞርም። እያንዳንዷ እንከን የራሷ የትዳር ታሪክ አላት። «ቅዳሜ እሠራዋለሁ ብሎኝ ነበር» ይላሉ፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጋሼ ከላይ «ጥሩዬ፣ ልጁን አታድክሚው!» ሲሉ፣ እሳቸው ከታች «ያደከመኝስ ማን ሆነና!» ይመልሳሉ። ሰው ይሄን ግምት ለመማር ለኮርስ ይከፍላል። ከተማረሩ ባለቤት በላይ ምን የቤት ኢንስፔክተር አለ?

ወጥተን በሁለቱም ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ጥገናውን፣ ዋጋውን፣ ውሉ ለሌላ ገዢ እንደሚተላለፍ፣ የእኔንም ድርሻ። ጋሽ ለማ ፊታቸው ጠቆረ። እስከ እሁድ ላስብበት አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዴንቨር መሃል፣ አንድ ሆቴል በር ላይ ፓርክ አድርጌ ኤርፖርት የምወስደው ደንበኛ ስጠብቅ እትዬ ደወሉ፤ በሹክሹክታ። «ቶሎ ና፣ ሰውዬው ቤቱን መጠገን ጀመረ!»

በሩን አቃንቷል ብለው ቀጠሉ። የሽንት ቤቱን እጀታ አጥብቋል። አሁንማ እያፏጨ «ይሄ ቤት ምን ሆነና ነው የምንሸጠው?» ማለት ጀምሯል። ስንት ዓመት ተለምኖ እምቢ ያለ እጅ እኔን ጠብቆ ይነሳል? እትዬ ድምፃቸው ሊያለቅስ ደረሰ። «ወደ ኩሽና ዞረ፤ ይሄ ከተሳካለት እኔ እዚህ ደረጃ ላይ መሞቴ ነው» ብለው ዘጉት።

ደንበኛውን ካንስል አድርጌ በኮልፋክስ ጎዳና ስከንፍ ጸለይኩ። ምን ብዬ? የሽማግሌ እጅ እንዲሰናከል መለመን ኃጢአት ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ለፈጣሪ ተውኩለት።

እትዬ በሩን የከፈቱልኝ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ነው። ኩሽናው ኩሬ ሆኗል። ወደ ቤዝመንት ሮጬ ያንን በሬ ጎትቼ ውሃውን ዘጋሁት። ስመለስ ጋሽ ለማ ከሲንኩ ስር ወጥተው ቆመዋል፤ ሽበታቸው ይንጠባጠባል፣ በአንድ እጃቸው መፍቻ፣ በሌላው ግማሽ ቧንቧ። እትዬ፣ ይግረማችሁ፣ ፎጣ አቀበሏቸው።

ጋሼ ውሃውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀምጠው «ልጄ፣ በደንብ አልገመትክም፤ ኩሽናውን ዘለኸዋል። ጥገናው ላይ ጨምረውና ውሉን አምጣ» አሉኝ።