ሁሉም ሰው የወሰደው ማይክ

የሰው ድምፅ ከአፉ ከወጣ በኋላ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። የተቆረጠ ፀጉራችሁን ወለሉ ላይ ታዩታላችሁ፤ ጫማችሁ ቢጠፋ የምትጠረጥሩት ሰው አታጡም። ድምፅ ግን ወጣ ማለት ወጣ ነው፤ ፈልጎ የሚመልሰው የለም። አበው «ካፍ የወጣ አፋፍ» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። አፋፉ ላይ ማን ቆሞ እንደሚቀበለው ግን አልነገሩንም።

እኔ በበኩሌ ብዙ ድምፅ የማወጣ ሰው አይደለሁም። ናይሮቢ ሄጄ የተመረቅኩት በጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ክፍል ፊት ቆሞ መናገር በመጣ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ መምህራኖቼም ውለው አድረው ከእኔ ጋር በወረቀት መገናኘቱን ለመዱት። ከዚያ ወደ ቤቴ ወደ ሞያሌ ተመለስኩ። ሞያሌ ስል የኬንያውን ነው። ስልኬን ይዤ ከማጀት ወደ ጓሮ ስወጣ ግን «እንኳን ወደ ኢትዮጵያ በደህና መጡ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል፤ ስመለስ ደግሞ ኬንያ ትቀበለኛለች። ሽንኩርት ልከትፍ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ሁለት መንግሥታት አቀባበል ሲያደርጉልኝ ይውላሉ።

እናቴ ሆቴል አላት። ሆቴል ስላልኳችሁ አልጋ እንዳትጠይቁን፤ ያለን ሻይ፣ ጥብስ፣ ቻፓቲና አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ያን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የካራኦኬ ቤት ላድርገው ብላ ተነሳች። ከዚያ በፊት የታላቅ እህቴ የትዕግስት ሠርግ እዚያው ስለሚደገስ ማይኩ መጀመሪያ ሠርጉን ያገለግላል። «ገመድ የሌለው፣ በእጅ የሚያዝ ፈልጊ። ርካሽ ይሁን፤ ርካሽ እንዳይመስል ግን» አለችኝ። ለምን እኔ? የተማርኩት እኔ ነኛ። የተማረ ሰው ያለበት ቤት ዕቃ ሲገዛም ሲበላሽም የሚጠራው እሱ ነው።

እናም ፈተና እንዳለበት ሰው አነበብኩ። ርካሽ ማይክ የገዙ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉትን አስተያየት አንብባችሁ የማታውቁ ከሆነ ስለ ሰው ልጅ ብዙ ቀርቶባችኋል። አንዱ «ለቤተ ክርስቲያን ገዛሁት፣ ተባረኩ» ይላል፤ ከሥሩ ሌላው ስለዚያው ማይክ «ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሞተ» ይላል። ዛሬ ስለ ማይክ ብትጠይቁኝ አላሳፍራችሁም። አናቱ ላይ ያለው ወንፊት ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ ከሆነ አንዴ ሲወድቅ አለቀለት። ባትሪው የትም ኪዮስክ የሚገኝ ዓይነት ይሁን። ሳጥኑ ላይ በወርቅ ቀለም «ፕሮፌሽናል» ተብሎ ከተጻፈ እለፉት፤ ባለሙያ ባለሙያነቱን ግንባሩ ላይ አይጽፍም። ከሁሉ በላይ ሞገዱ፣ ነጋዴዎቹ ፍሪኩዌንሲ የሚሉት፣ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ። ማይኩ ድምፃችሁን አየር ላይ ይወረውረዋል፤ ከስፒከሩ ጋር የተያያዘው መቀበያ ሳጥን በዚያው ሞገድ ይቀልበዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይኸው ነው እላለሁ እንጂ፣ ይህን ያነበብኩ ቀን ስልኩን አስቀምጬ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። የአንድ ሰው ትንፋሽ፣ ገና ከጥርሱ ሳይርቅ፣ የማይታይ ነገር ላይ ተሳፍሮ ግድግዳ ያልፋል። እኛ ከተማ ውስጥ ኪታምቡሊሾ፣ ማለት መታወቂያ፣ ሳያሳይ ኬላ የሚያልፍ ሰው የለም። ድምፅን ግን አቁሞ «ወዴት ነህ?» የሚለው ፖሊስ አልተወለደም።

አብዲ ሱቅ ሄድኩ። አብዲ ከናይሮቢ ዕቃ የሚያመጣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው። የነበረው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሁለት ማይክ ከነመቀበያው። ወንፊቱ ብረት፣ ባትሪውም ተራ ነው። «ፕሮፌሽናል» የሚለው ጽሑፍ ወርቃማ ሳይሆን ብርማ ስለነበረ ይቅር አልኩት።

«ፍሪኩዌንሲው ይቀየራል?» ብዬ ጠየቅኩት፣ በዚህችው በእኔ ድምፅ።

«ምን አልሽ ዳዳ፣ እህቴ? ጮክ በይ እንጂ፣ ማይክ እኮ ነው የምትገዢው።»

«ፍሪኩዌንሲው።»

«እሱማ ምርጥ ነው። ለምን ትቀይሪዋለሽ? ሁሉም ሰው እሱኑ ነው የወሰደው። ቺፉ ራሳቸው ይሄንኑ ነው የወሰዱት።» ቺፉ የሚላቸው የአካባቢያችንን የመንግሥት ሹም ነው።

እኔ ምስክርነት መሰለኝ። ማስጠንቀቂያ ነበር።

አሁን የቤታችንን ጭንቀት ልንገራችሁ። ትዕግስትን የሚያገባት ገልገሎ የቦረና ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ያሉት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኡራን ነው። ሽማግሌ ሆነው የመጡ ቀን የገልገሎ አያት አባ ጃርሶ ተነስተው መረቁ። ምርቃታቸው እንደ እኛው ነው፤ እኛ በየሐረጉ «አሜን» እንደምንል እነሱ «ነጋ» ይላሉ፣ ሰላም ማለት ነው። አባ ጃርሶ ረጅም መረቁ። ቃላቸውን ወደ አማርኛ የሚያሻግርልን አጎቴ ጋሽ ደምሴ ነበር። ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፣ ሰማ፣ ሰማ፤ ሽማግሌው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞረና «መርቀዋል» አለ።

በቃ። መርቀዋል።

ያ ሁሉ ምርቃት ሲወርድ የእኛ ወገን ጸጥ ብሎ ጥብሱን ያይ ነበር። ምርቃትን ሳይመልሱ መቅረት የቀረበ ማዕድን እንደመግፋት ነው። የኡራን ሰዎች ምግቡን ቀመስ አድርገው ተነሱ። በኋላ ገልገሎ ለእህቴ የነገራት ግን ይህ ነው፤ አያቱ «ልጃቸውን ሰጡን፣ ምርቃታችንን ግን አልተቀበሉንም። ሠርጉም እንዲህ ከሆነ ኡራን ቁጭ እላለሁ» ብለዋል። አያት ያልመረቁት ሠርግ ደግሞ ሠርግ ሳይሆን ግብዣ ነው።

ሞያሌ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። በጋብቻ ጊዜ ግን ቃል የሚያሻግረው የሙሽራዋ ቤት ሰው ካልሆነ ክብር የለውም። ትዕግስት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የማሚ ቦረንኛ ከገበያ አያልፍም። እኔ ሙሽራ ነኝ። ቦረንኛውን የምታውቂ አንቺ ነሽ የቀረሽኝ» አለች።

«ጋሽ ደምሴ አለ።»

«ጋሽ ደምሴማ ‹ተጋብተዋል› ብሎ ይጨርሰዋል።»

«ጉሮሮዬ እኮ…»

«ጉሮሮሽን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። «ልሞክር» አልኳት። አደርገዋለሁ አላልኩም። ልሞክር ነው ያልኩት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ስፒከሩን ነቀልኩ። መቀበያ ሳጥኑንም ነቀልኩ። ማይኩን ብቻ አበራሁት፤ ያቺን አረንጓዴ መብራት እያየሁ አያያዙን እንድለምድ። የሚቀልበኝ ሳጥን ተኝቷል፤ ስለዚህ ማንም አይሰማኝም። ስሌቴ እንዲህ ነበር። የተማርኩት እኔ ነኝ ብያችኋለሁ።

ራሴን አባ ጃርሶ አደረግኩና በቦረንኛ «ቤታችሁ ሰላም ይሁን» አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ «ነጋ» አለ።

ደነገጥኩ፤ ግን ከጓሯችን ወዲያ ባለው ሜዳ ቺፉ ባራዛ እንደጠሩ፣ ስለ ኡራን ውኃ ሰው ሰብስበው እንደሚነጋገሩ አውቃለሁ። የራሳቸው ጉዳይ ነው አልኩና ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት። ከወዲያ ጥቂት ሰዎች፣ እንደ እኛ አማርኛ ከሚናገሩት ደገኛ ነጋዴዎች መሆን አለባቸው፣ «አሜን» አሉ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ አጋጣሚ ነው አልኩ። ቀጥዬ ስለ ዝናብ ያለውን በቦረንኛ አልኩት፤ «ነጋ»። ወደ አማርኛ አሻገርኩት፤ «አሜን»። ከብቶቻችሁ ጠግበው ይግቡ፤ «ነጋ»። «አሜን»። እኔ እያንሾካሾክኩ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ በሽምግልናው ቀን ያጣነው ነገር ግን ከግድግዳው ማዶ ተራውን እየጠበቀ ይመለስልኝ ነበር፣ አንዴ በአንዱ ወገን፣ አንዴ በሌላው። ጉሮሮዬ ትዝም አላለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ድምፄ የሆነ ቦታ ሲደርስ ተሰማኝ፤ የት እንደሆነ ባላውቅም።

ማይኩን እንደያዝኩ በኋላ በኩል ወዳለው መስኮት ሄድኩ። ቺፉ ሜዳው መሃል ቆመዋል፤ የማይካቸው ሆድ ተከፍቶ ያለቀው ባትሪ መዳፋቸው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በሙሉ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ስፒከር ዞረዋል። አንዳንዱ ኮፍያውን አውልቋል። አባ ጃርሶ በበትራቸው ተደግፈው ጆሯቸውን አቅንተዋል።

«ልጆቻችሁ…» አልኩ።

«ልጆቻችሁ…» አለ ስፒከሩ።

ማይኩን አጥፍቼ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉም ሰው የወሰደው ማይክ አንድ ሞገድ ነው ያለው፤ የቺፉ ማይክ ዝም ሲል የቺፉ ሳጥን የእኔን ቀለበ። ሳጥን ጌታውን አይለይም። እኔን ያስገረመኝ ግን ሳጥኑ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው የሚናገረውን ሳያይ፣ ማን ነው ሳይል መመለሱ ነው። ምርቃት ከየት መጣህ አይባልም ለካ፤ ሲመጣ ይመለስለታል እንጂ።

ዘነበ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አልዘነበም።

ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆቴላችን ደረሰ። ግማሹ መልአክ ነው አለ፤ ግማሹ ከኢትዮጵያ በኩል የመጣ ሬዲዮ ነው አለ። ቺፉ «ኔትዎርክ ነው» ብለዋል አሉ፤ እኛ አገር መልስ የጠፋለት ነገር ሁሉ ኔትዎርክ ነው። በዚህ መሃል አባ ጃርሶ በገልገሎ ክንድ ተደግፈው ገቡና ተቀመጡ። ሻይ የምቀዳው እኔ ነበርኩ።

እናቴ በገበያ ቦረንኛዋ «መልአክ ነው ይላሉ፣ አባ» አለቻቸው።

«መልአክ እንደ ሞያሌ ልጅ ቃል እየዋጠ ቦረንኛ አይናገርም» አሉ።

ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ሳህኑን አዩ፤ እኔን አላዩም። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ከዚያ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። የእናቴ ቦረንኛ እዚያ አይደርስም፤ ወደ እኔ ዞራ «ምን አሉ?» አለች።

ጋሽ ደምሴ አልነበረም። «ሻዩ ይጣፍጣል አሉ» ማለት እችል ነበር፤ ማንም አይከሰኝም። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ያየኛል፣ ጉሮሮዬም መዘጋት ጀምሯል። ቴርሞሱን በሁለት እጄ ይዤ ሐረግ በሐረግ አሻገርኩት።

«‹ያቺን ልጅ ብታገኟት ንገሩልኝ› ይላሉ። ‹ልጆቻችሁ ብላ አቆመች። ልጆቻችን ምን ይሁኑ? አፋችንን ከፍተን ቀረን። ምርቃት መንገድ ላይ አይጣልም፤ የጀመረ ሰው ይጨርሰዋል። ሠርጉ ላይ ትጨርስልን። እኔም እመጣለሁ።›»

እናቴ ቴርሞሱን አየች፣ እኔን አየች፣ የአዳራሹን በር አየች። አባ ጃርሶ ሻያቸውን አንስተው፣ ቀስ ብለው፣ «ነጋ» አሉ።

ወስኛለሁ። ሠርጉ ላይ ቃል የማሻግረው እኔ ነኝ፤ ልጆቻቸው ምን እንዲሆኑ እንደምመኝም አሰናድቻለሁ። ማይኩን ለአብዲ አልመልሰውም። የት ልቁም የሚለው ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ለዚህም ያነበብኩት ሁሉ የሚስማማበት አንድ ሕግ አለ። ማይክ የያዘ ሰው ከስፒከሩ ፊት ከቆመ ስፒከሩ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያፏጫል፤ ስለዚህ ከኋላ መቆም አለበት። የእኛ ስፒከር ደግሞ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ ነው። ከኋላው እቆማለሁ። ትዕግስት ብትቆጣ ሳይንስ ነው እላታለሁ።