እትዬ ግሊሰሪን እና የቆራጩ ጣት

እትዬ መጀመሪያ እጃችሁን ለሰላምታ ይቀበላሉ። ከዚያ አይለቁትም። ገልብጠው መዳፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩታል። በአውራ ጣታቸው የጣታችሁን ጫፍ አንድ በአንድ ዳበስ ያደርጋሉ። ጥፍራችሁ ዙሪያ የተነሳች ቆዳ ካገኙ በጥርሳችሁ እንደቀነጠባችኋት ያውቃሉ። ወደ ቧንቧው ይልኳችኋል፤ ታጥባችሁ ስትመለሱ፣ እጃችሁ ገና እርጥብ እያለ፣ ከትንሿ ጠርሙስ ግሊሰሪን ጠብ ያደርጉላችኋል። “እሹት! ጥፍሩንም እንጂ፣ ጥፍር ምን በደለ?”

ሐኪም የሌለው መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ የእጅ ሐኪም የሌለው ግን የለም። የዚህ ልብስ ስፌት ቤት ሐኪም ክብርት እትዬ ግሊሰሪን ናቸው። ሥራቸው ቁልፍ መትከል ነው፤ ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው፣ ቆጣሪውን ሳያነብ እጁን አንብበውለታል። ቀሚስ ልትለካ የገባች ደንበኛ “ዕቃ ስታጥቢ ጓንት፣ የፈላ ውሃ እንዳትነኪ!” ተብላ ወገቧን ሳትለካ ወጥታለች።

ያልረቱት ጨርቅ ቆራጩን ብቻ ነበር። ቆራጩ የተደራረበ ጨርቅ ለመለየት ጣቱን ይልሳል፤ ክር ለማሹለክም ይልሳል። ጣቱ ስለሚደርቅ ይልሰዋል፤ ስለሚልሰው ይደርቃል።

“አንተ ሰውዬ፣ ጣትህ ከረሜላ ነው?”

“እትዬ ይተዉኝ፣ የወንድ እጅ ሻካራ ነው።”

“ግንድም ሻካራ ነው፤ ሳቲን ሲሰፋ ግን አላየሁም።”

ቤቱ በሳቅ ያውካካል፤ እሱ ይልሳል።

አንድ ቀን ግን የገዛ ልጁ ልታገባ ሆነ። የሙሽራ ቀሚሷን ቆርጦ በመኪና ሰፋው። የታችኛውን ጠርዝ “በእጄ ነው የምዘመዝምልሽ” ብሎ ቃል ገብቶላታል። ሳቲኑን ገና ዳሰስ ሲያደርገው የተሰነጠቀው ጣቱ አንዲት ክር ይዞ መዘዛት። ጣቱን ላሰና ደገመ። ሌላ ክር ተመዘዘ።

“ጨርቁ ነው” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እትዬ ከቁልፋቸው ቀና አሉ። ዓመት ሙሉ የጠበቋት ቀን ነበረች፤ አልሳቁም።

“እስቲ እጅህን።”

ሰጣቸው። “ቀሚሱን ለሌላ ሰው ልስጠው ይሆን?” አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

“ቃል የገባኸው አንተ፣ የሚሰፋው ሌላ? አይሆንም!”

ሕክምናው ተጀመረ። ጥፍሩን በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሞረዱለት። ቀን ግሊሰሪን፣ ማታ ቫዝሊን፣ በላዩ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ። ሚስቱ “የእኔ ጌታ፣ እግርህ ወዲያ ነው” ብላ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቀችበት። ጠረጴዛው ላይ በትንሽ ሳህን እርጥብ ስፖንጅ ተቀመጠለት፤ ጣቱ ወደ አፉ ሲነሳ ከወዲያ ጥግ “እህህም!” ይሰማል፤ ጣቱ መንገድ ቀይሮ ወደ ስፖንጁ ይወርዳል።

ሰርጉ ሲቃረብ እትዬ ቁራጭ ሳቲን ወረወሩለት። “ቀሚሱን እንዳትነካ! ቅባቱ ካልጠፋ ታበላሸዋለህ። መጀመሪያ በዚህ።” እጁን ታጥቦ አደረቀና ጣቱን በቁራጩ ላይ አሳለፈ። ውልፍት ያለች ክር የለችም። ትንፋሹን ለቀቀና ተቀመጠ፤ የቀሚሱን ጠርዝ በአንድ ቁጭታ ጨረሰው።

በሰርጉ ዕለት ሙሽራው ለአማቱ እጁን ዘረጋ። ቆራጩ ጨበጠው። አለቀቀውም። ገልብጦ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

“ልጄ፣ ይሄን ጥፍር ታኝከዋለህ እንዴ?”

ሙሽሪት ፊቷን በእቅፍ አበባዋ ሸፈነች። እትዬ ግሊሰሪን ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ጠርሙሷ ሰርግም ትጠራለች።

ቆራጩ ዛሬም “ሴትዮዋ እኮ ጨረሱን” ይላል። ጠርሙሷ ስታልቅ ግን፣ ማንም ሳያዘው፣ ገዝቶ የሚተካት እሱ ነው።

ስለ እሳቸው ሊጻፍ መሆኑን ሲሰሙ እትዬ አልተቃወሙም። ለአንባቢ አንድ መልእክት ብቻ ይድረስልኝ አሉ፦ “ልጆቼ፣ በሞቴ፣ ገጹን በምራቅ አትግለጡ።”