የናይስ ሰባት ቤት

የዚያ ዓመት ጥቅምት ብርዱ ልዩ ነበር። ገብሱ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ጀርባውን ለግንብ ሰጥቶ ይሞቃል፤ ሥራ የሚያስብም የለ። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ጋሻዬ አልፎ አልፎ ላሊበላ የሚመጡትን እንግዶች በበቅሎው ይምርሐነ ክርስቶስ ያደርስ ነበር። ተክለ ሚካኤል የቅኔ ቤቱን ትቶ የተመለሰ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ጓደኛው ነው። ጋሻዬ ሊያገባ ያሰበው እኔን፣ ወለላን ነው። ሽማግሌ ሊልክ በዋዜማው ሁለቱ በቅሎዋን ይዘው ከአጥራችን ሥር ቆመው ሲጨቃጨቁ እኔና አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል ከውስጥ ሆነን እንሰማለን።

ተክለ ሚካኤል፦ አልልም አልሁህ! ከሽማግሌዎቹ ጋር እገባለሁ፤ ያንን ቃል ግን በአባ ፊት አላወጣውም።

ጋሻዬ፦ አንዲት ቃል እኮ ናት ወንድሜ! «ፈረንጁ ሳይቀር ናይስ ብሎታል» ብትልልኝ ምን አለበት?

ተክለ ሚካኤል፦ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

ጋሻዬ፦ በእንግሊዝኛ ደግ፣ ሸጋ ማለት ነዋ። ገደሉን ሳሻግረው ክንዴን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ነው ያለኝ። ሰው ገደል አፋፍ ላይ ይዋሻል?

ተክለ ሚካኤል፦ የዛሬውን ተወው፤ አጥንቱን ጠይቅ! ያው ፈረንጅ የቋንቋ መምህር ነው፤ አማርኛም ይሞክራል። ጠየቅሁት፣ ዘረዘረልኝ። የቃሉ ቅድመ አያት ሮም ነው። እዚያ ሳለ «የማያውቅ» ማለት ነበር።

ጋሻዬ፦ ምኑን ነው የማያውቀው?

ተክለ ሚካኤል፦ [እየተናደደ] ምንም የማያውቅ! ከዚያ ፈረንሳይ ወረደ፤ «ጅል» ማለት ሆነ። ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ፤ እዚያም ብዙ ዘመን ጅል ሆኖ ኖረ።

ጋሻዬ፦ ውይ! የሰው አገር ሄዶ!

ተክለ ሚካኤል፦ ኋላ «ሁሉን የሚያማርጥ» ሆነ። ከዚያ «ጥንቁቅ»። «ደግ» የሆነው በስተመጨረሻ ነው።

ጋሻዬ፦ እሰይ! ተገላገለ።

ተክለ ሚካኤል፦ ምን እሰይ ትላለህ? ዘሩ ጅል ነው! አባ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ልጅ አይሰጡም፤ በጅል ዘር ቃል በፊታቸው ልትመሰገን ነው?

ጋሻዬ፦ አጥንት መቁጠር ቀርቷል ብሎ ቀበሌው ተናግሮ የለም?

ተክለ ሚካኤል፦ ለሰው ነው የቀረ። ለቃል የወጣ አዋጅ የለም።

ጋሻዬ፦ [የበቅሎዋን አንገት እያከከ] እንዲያ ከሆነስ የዚችም አባት አህያ ነው። አባ ግን ጥምቀት በመጣ ቁጥር ሲቀመጡባት አባቷን ጠይቀው አያውቁም።

ተክለ ሚካኤል፦ በቅሎና ቃል አንድ ነው?

ጋሻዬ፦ እኔ ምን አውቄ። እስኪ ደህና አጥንት እንዴት እንደሚቆጠር በራስህ አሳየኝ።

ተክለ ሚካኤል፦ [ደረቱን ነፍቶ] ቅድመ አያቴ አራት ዓይና ሊቅ! አያቴ መሪጌታ! አባቴ...

ጋሻዬ፦ አባትህ?

ተክለ ሚካኤል፦ ዲያቆን። ዳዊት ይደግማል።

ጋሻዬ፦ አንተስ?

ተክለ ሚካኤል፦ እኔማ... ቅኔ ቤቱ ይበርድ ነበር።

ጋሻዬ፦ [ጣቱን እያጠፈ] ቃሉ ከጅል ተነሥቶ ደግ ሆነ። የእናንተ ቤት ደግሞ ከሊቅ ተነሥቶ...

ተክለ ሚካኤል፦ ጨርሰው እንጂ!

ጋሻዬ፦ ኧረ ምን በወጣኝ! ቆጣሪው አንተ ነህ።

[ከአጥሩ ውስጥ ሳቅ ይሰማል]

አባ ወልደ ሩፋኤል፦ ጋሻዬ! ነገ ያ ቃል እንዳይቀር። እያደር የሚሻሻል ዘር በላስታ ምድር አይቼ አላውቅም። ተክለ ሚካኤል፣ አንተው ተናገርለት፤ ከነቅድመ አያቱ።

ተክለ ሚካኤል፦ [አንገቱን ደፍቶ] እሺ፣ አባ።

በማግሥቱ ከሮም ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጋሻዬም አገባኝ። ተክለ ሚካኤል በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ሊያስተምር ከላስታ ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ወገል ጤና ከተማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።