የሌለ በሽታ ፈውስ

ጊዜ ሲከፋ ሰው ሁለት ነገር ያበዛል፤ ጸሎትና ሰበብ። ጸሎቱን ወደ ላይ፣ ሰበቡን ወደ ጎረቤት ይልካል። እኛ የፀዳ ከተማ ሰዎች ሰሞኑን በሁለቱም በርትተናል። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ መብራቱ እንዳሻው ነው፣ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ዝም ይላል። አትፍረዱብኝ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔ እርጉዝ አላገባሁም። ታመምሁ ብዬ ተኛሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚካኤል ማኅበር አለን። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ ማኅበርተኛውን ይቀበላል። ከጥቂት ወራት በፊት ተራው የእኔ ሆነ። አስተማሪ ነኝና ከደመወዜ ክብሬ ይቀድማል። በፊት ተራዬ ሲደርስ በግ አርጄ ስለነበር ስሜ እስካሁን በሰፈሩ ይነሣል። ዘንድሮ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው ገብስ መንገድ ላይ ቀረ፤ ጋኑም ባዶውን ከረመ። ባለቤቴ አስካለ፣ ቆሎና ውሃም ለመልአኩ ይበቃል አለችኝ። ለመልአኩስ ይበቃል፤ ያልበቃው ለእኔ ነው። ስለዚህ ለማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ ለምንላቸው ለአያ ፈንታ ደወልሁና፣ ድምፄን አድክሜ፣ ጎኔን ቀስፎ ይዞኛል፣ ጽዋው ለሌላ ይተላለፍ አልኋቸው። አስካለ በመልአኩ ቀን አልዋሽም ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የረሳሁት አገሬን ነው። እዚህ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ በሙሉ ጽዋውን ይዞ ቤቴ ገባ፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ጠላ በጀሪካን ተሸክሞ። የእኔን ድግስ እንግዶቼ ደገሱልኝ። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አቃስታለሁ። የማኅበሩ ቄስ ጧፍ አስበርተው ጸሎት አደረሱ፣ ጸበልም ረጩኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታ የሌለውስ ምን ይደረግ?

ከራስጌዬ የቆሙት ማኅበርተኛችን እትዬ ስንዱ ነበሩ። አንድ ልጃቸው የጭነት መኪና ይዞ ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ ድምፁ የለም፣ ወሬውም የለም። ማኅበሩ ስለ እሳቸው ሊያለቅስ ሲገባው እሳቸው ስለ እኔ ያለቅሳሉ። «ሚካኤል ሆይ፣ የኔን ለኋላ አቆየው፤ ይህን ሰው አስቀድምልኝ» ሲሉ ሰማሁ።

እፍረት ያቃጥላል ይላሉ፤ እኔን ግን አላበኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ቀና አልሁ። አፌን ከመክፈቴ አያ ፈንታ «ላቡን እዩት፤ ለቀቀው» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ስንዱ ግንባሬን ሳሙኝና፣ አንተን ያነሣ የኔንም ያመጣል አሉ። ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ እህል ጠላታቸው ሆኖ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዳቦ ቆርሰው በሉ፣ ሳቁም። ሰዉ ሁሉ የተዘጋውን መንገድ ረስቶ ዘመረ። ምን ልበላችሁ፣ እንዲያ ያለ ደስታ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ያመጣው የእኔ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየተመኘሁ፣ አብሬ አጨበጨብሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብናገር የሴትዮዋን ተስፋ እነጥቃለሁ፤ ዝም ብል በሐሰት ላይ እንዲጸኑ አደርጋለሁ። በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቅኋቸው። ዓይን ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ አላመመኝም ነበር፣ ባዶ ቤቴ ይታይብኛል ብዬ አፍሬ ነው የዋሸሁት አልሁ።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ምነው መምህር» አሉ፣ «እንዲህ ሸጋ አድርጎ ያነሣህን ትክዳለህ? እኔ በዓይኔ ያየሁትን?»

አዝነውብኝ ሄዱ። አሁን በየወሩ በሚካኤል ቀን ሁለት ጧፍ ያበራሉ። አንዱ ልጃቸው እንዲመጣ ነው። ሌላው እኔ ከክህደቴ እንድመለስ ነው።