ከምክር ቤቱ ታሪክ የሰረዝኳቸው ሴት

አገራችን ውስጥ ስለ መንግሥት የማያወራ ሰው ካገኛችሁ እባካችሁ አሳዩኝ፤ ሻይ ልጋብዘው። ባጃጅ ነጂው የሹም ሽሩን ወሬ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግራችኋል። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ማጅራታችሁ ላይ አሳርፎ ስለ ፌዴራሊዝም ያላችሁን አቋም ይጠይቃችኋል። (በዚያች ሰዓት ከሱ አቋም መለየት አይመከርም።) ይኸው ሰው ግን “ለመሆኑ የወረዳ ምክር ቤት ሥራው ምንድን ነው?” ቢባል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የቤተ መንግሥቱን ጓዳ ጎድጓዳ የሚያውቅ ሰው የቀበሌውን በር አያውቀውም። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ስለሆንኩ ይህችን ጣሪያ ማየት በደንብ አውቃታለሁ። በየሴሚስተሩ አርማታለሁ።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ጅግጅጋ ስገባ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ዓመት እንዴት እንደሚለጠጥ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ይኸው ዛሬ ልጆቼ ከኔ ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በሶማልኛ ይጣላሉ። አንድ የክረምት ዕረፍት ላይ ሥራ ፈትቼ ስልኬን ስነካካ፣ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው፣ ለማንም አምስት ሳንቲም የማይከፍል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ገባሁ። “ወረዳ” የሚለውን ቃል ፈለግሁ። ሁለት መስመር ተጽፎበታል፤ አንደኛው መስመር ስህተት ነው። አረምኩት። በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ ነገሩ ሲገባት “ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!” አለችኝ። የበጎ ፈቃደኛን ሥራ ከዚህ አሳጥሮ የገለጸው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ብቻዬንም አልቀረሁም። መጀመሪያ የመጣው ሸምሱ ነው። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ ገበያው መሐል የሴቶች ልብስ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሲሆን፣ ሥርዓተ ነጥብ ላይ ያለው ፍቅር ጨርቅ ላይ ካለው ይበልጣል። ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ሲያይ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ያየ ያህል ይጨነቃል። ቀጥላ ሆዳን መጣች። ሆዳን የጅግጅጋ ልጅ ናት፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሶማልኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሶማልኛ ትተረጉማለች፤ አማርኛዋ የኔን ተማሪዎች ያሳፍራል። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በሙቀቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሸምሱ ሱቅ ውስጥ በተንጠለጠሉት ቀሚሶች መሐል ተቀምጠን ስለ ምክር ቤት፣ ስለ ቀበሌ፣ ስለ ወረዳ ፍርድ ቤት እንጽፋለን። ቀሚስ ልትገዛ የመጣች ሴት “የምክር ቤት አባል ያለመከሰስ መብት” ላይ ስንከራከር ሰምታ፣ እኛን ባለሥልጣናት መስለናት ዋጋ ሳትከራከር ገዝታ ሄዳለች።

የዚህ መዝገብ ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ ምንጭ። የምትጽፈው ነገር ከዚህ ቀደም አንድ ቦታ ታትሞ መውጣት አለበት። አይቼዋለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ እዚያው ነበርኩ አይሠራም። መምህር ነኝና ሕግ እወዳለሁ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ወደድኩት መሰለኝ።

ከጅግጅጋ ወደ ሀርሺን በሚወስደው አቅጣጫ ስላለች አንዲት ትንሽ ወረዳ (ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው፣ ላስቀይማቸው አልፈልግም) አንድ ጽሑፍ አዘጋጀን። የመጀመሪያዎቹን የምክር ቤት አባላት ስም ከአንድ አሮጌ መጽሔት አገኘሁና ዘረዘርኳቸው። ሁሉም ወንዶች ናቸው። በማግሥቱ ሆዳን አንድ መስመር ጨመረች፦ “የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ፋጡማ ናቸው።” ምንጭ የላትም። ስጠይቃት ፋጡማ አክስቷ፣ የአባቷ እህት መሆናቸውን ነገረችኝ።

“ሴትየዋ በሕይወት አሉ እኮ መዓሊን፤ ደውለህ ጠይቃቸው” አለች። መዓሊን መምህር ማለት ነው።

“መጽሔቱ ላይ የሉም። በዚያ ላይ የዘመድ ምስክርነት አይቆጠርም” አልኳትና መስመሯን ሰረዝኩት። ይህም አልበቃኝ ብሎ በውይይት ገጹ ላይ “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ብዬ ጻፍኩ። እሷም ከሥሩ፦ “በኛ ዘንድ በቃል ያለ አያት ቅድመ አያት እስከ አሥር ይቆጠርበታል። እርስዎ ስንተኛው ድረስ ጽፈዋል?” ብላ መለሰች። ሆዳን እንደ አገሯ ልማድ አንተ ነው የምትለኝ። እርስዎ ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ሱቁ መምጣት ተወች።

ወራት አለፉ። እውነቱን ልንገራችሁ? እሷን ከማጣቴ በቀር ሕሊናዬ አልወቀሰኝም። ደንብ አስከብሬያለሁ፤ ደንብ ያስከበረ ሰው ደግሞ እንቅልፉ ጥሩ ነው።

አንድ ሰኞ ሆዳን ሱቁ በር ላይ ቆመች። ሰላም አላለችም። ስልኳን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አንድ ፎቶ አሳየችን። ያቺ ወረዳ አዲስ የምክር ቤት አዳራሽ ሠርታ ሐሙስ ልታስመርቅ ነው። ለምረቃው መጽሔት አሳትመዋል፤ መጽሔቱ ውስጥ “የቀድሞ አባሎቻችን” የሚል ዝርዝር አለ፤ የጥሪ ወረቀቱም በዚያው ዝርዝር መሠረት ተበትኗል። ሸምሱ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፤ አነበበ፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

“መምህር” አለኝ፣ “ነጠላ ሰረዟ የኔ ናት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባላቱ አንዱ ሐጂ ኢብራሂም ይባላሉ። ሸምሱ ባንድ የድካም ቀን “ሐጂ” ካለ በኋላ ነጠላ ሰረዝ አስገብቶ ነበርና፣ የወረዳው መጽሔት “ሐጂ” የተባለ አንድ ሰውና “ኢብራሂም” የተባለ ሌላ ሰው በተራ ቁጥር ለያይቶ አስቀምጧል። ከኛ ነው የገለበጡት። ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ። በሸምሱ ሰረዝ አንድ ወንድ ሁለት ሆነ፤ በኔ ስረዛ አንዲት ሴት የለችም ሆነች።

“ኤዶ አልተጠሩም” አለች ሆዳን። ኤዶ የምትላቸው አክስቷን ነው። “ለሌለው ሐጂ ወንበር ተይዞለታል። እሳቸው ግን አዳራሹ ፊት ለፊት ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ወንበሩ ሲገባ ያያሉ። ለምን አልጠሩኝም ብለው አልጠየቁም። እኔን ብቻ ‘ረስተውኝ ይሆን፣ ወይስ አጥፍቼ ይሆን?’ አሉኝ።”

መምህር ስትሆን ስህተትህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማጥፋት ትለምዳለህ። ይኼኛው በዳስተር የሚጠፋ አልነበረም። “ይቅርታ” አልኩ፤ እሷም “ይቅርታውን ምንጭ አምጣበት” አለች። ገብቶኛል። ማክሰኞ እኔ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩ፣ ሸምሱ ሱቁን ዘጋ፣ ሆዳን ከመሥሪያ ቤቷ ቀረች፤ ሦስታችንም ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ወረዳዋ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ከአቧራውና ከግመሎቹ በቀር ያወራ አልነበረም።

የወረዳው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ቀጭን ትሁት ሰው ናቸው። የድሮ ቃለ ጉባኤ ለማየት መምጣታችንን ስንነግራቸው አዘኑልን።

“ይህን ሁሉ መንገድ ለምን ለፋችሁ?” አሉ። “ሁሉም ነገር እኮ ኢንተርኔት ላይ አለ።”

“እኛ ነን” አለ ሸምሱ።

“ምኑ?”

“ኢንተርኔቱ።”

ኃላፊው ተራ በተራ አዩን። ላብ በላብ የሆነ የልብስ ነጋዴ፣ ፀሐይ ያከሰለው መምህር፣ የተቆጣች ተርጓሚ። ኢንተርኔት እንዲህ ይመስላል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። ቁልፍ አነሡና ከኋላ ካለችው ክፍል ሦስት ካርቶን ጎትተው አመጡልን።

ቃለ ጉባኤዎቹ በሶማልኛ ነው የተጻፉት። የኔ ሶማልኛ ገበያ ወጥቶ ቲማቲም ይዞ ይመለሳል እንጂ የእጅ ጽሑፍ አያነብም፤ የሸምሱ ደግሞ በቀሚስ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ሆዳን ብቻዋን ታነባለች፣ እኛ አቧራ እናራግፋለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ “ፋጡማ!” አለች፤ ፊቷ በራ። ስማቸውም ፊርማቸውም አለ። ሸምሱ “አልሐምዱሊላህ” ብሎ ወገቡን ይዞ ተነሣ፤ እኔም ፎቶ አነሣሁ። አለቀ፤ ልንሄድ እንችል ነበር።

ሆዳን ግን ካርቶኑን አልዘጋችም። የቀረውን ዶሴ፣ ከዚያኛው በፊት ያለውን፣ ማገላበጥ ቀጠለች። ድንገት እጇ ቆመ። እንዳልኳችሁ ከሦስታችን ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ገጹን ብትገለብጠው የሚያውቅባት አልነበረም። አቀርቅራ እንደቆየች ቀስ ብላ አነበበችልን። ከፋጡማ በፊት ሌላ ሴት አሉ። ስማቸው ኸድራ ይባላል። ፊርማ የላቸውም፤ ከስማቸው አጠገብ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ነው።

“ኤዶ የመጀመሪያዋ አይደሉም” አለች። “እንኳን ሰረዝከው።”

እኔ በዚህች ልጅ ፊት ለፊት ደንብ ጠባቂ ነኝ ብዬ ራሴን ስካብ የከረምኩት ሰውዬ፣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ኤዶ ፋጡማ ቤት ስንደርስ ሻህ፣ ማለትም የግመል ወተት የገባበት ሻይ፣ ቀረበልን። አሮጊቷ ለዓመታት ከወታደርና ከመምህር ጋር ሲገበያዩ የኖሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ሸካራ ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ሆዳን ፈራ ተባ እያለች ስለ ኸድራ ስትነግራቸው ይከፋቸዋል ብለን ነበር። ሳቁ።

“እኔ መጀመሪያ ነኝ ያልኩት መቼ ነው? ምክር ቤት ነበርኩ አልኩሽ። መጀመሪያ የምትለዋን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ኸድራ ናት። እሷ ስትሞት ነው ወንበሯን ለኔ የሰጡኝ። ቆይ፣ ስለ ኸድራ ምን ጻፋችሁ?”

ሸምሱ ሻሁን ፉት አለ።

“ምንም?” አሉ ወደኔ ዞረው።

“ምንም” አልኩ።

በማግሥቱ ኃላፊው ጠሩንና ዝርዝሩን በቃለ ጉባኤው መሠረት አረሙ፤ ሐጂና ኢብራሂም ተመልሰው አንድ ሰው ሆኑ፤ መጽሔቱ እንደገና ታተመ። ለኤዶ ፋጡማ የጥሪ ወረቀት ሲወሰድላቸው “የኸድራንስ ለማን ሰጣችሁ?” ብለው ጠየቁና፣ ሰው ተልኮ የኸድራ ሴት ልጅ ከገጠር መጣች። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስም ሲጠራ ልጅቱ የእናቷን ስም ሰምታ ለመነሣት አፈረች፤ ኤዶ ፋጡማ ክንዷን ይዘው አስነሧት። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አቧራ ዓይኔ ገባ ብዬ ሸምሱን ዋሸሁት፤ እሱም አዳራሹ አዲስና የተወለወለ መሆኑን ሳይነግረኝ አለፈ።

መጽሔቱ ስለታተመ አሁን ምንጭ አለን። ሆዳን ጽሑፉን አስተካከለች፤ ሸምሱ ነጠላ ሰረዞቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። የሁለቱም ሴቶች ስም ገባ። ሆዳን በስልክ ደውላ ስታነብላቸው ኤዶ ፋጡማ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፦

“ኸድራ ‘ነበረች’ ብቻ ነው?” አሉ። “ነበረች ለወንበርም ይባላል። ምን አደረገች?”

ከዚያ ኸድራ ምን እንዳደረጉ ነገሩን። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን መጽሔቱ ላይ የለም፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ አልሰፈረም፤ ምስክሩም ኤዶ ፋጡማ ብቻ ናቸው። ሆዳን ስልኩን ዘግታ አየችኝ። በዚህ ጊዜ እኔ ሳልናገር ራሷ “አይሆንም” አለች። አይሆንም። ደንቡ አሁንም ደንብ ነው፤ ክፉ ደንብም አይደለም፤ ባይኖር ኖሮ ኸድራን ማን ይፈልጋቸው ነበር?

ወግ ግን ምንጭ አይጠየቅም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አንድ ቀን ከበላይ አካል በአማርኛ የተጻፈ ረጅም ወረቀት ወደ ምክር ቤቱ መጣ። ሊቀመንበሩ አንዴ በሶማልኛ እያስተረጎሙ በጥድፊያ አነበቡትና “የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ” አሉ። ሁሉም አወጡ። ኸድራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ተቀመጡ። ይቃወማሉ ወይ ተባሉ፤ አልቃወምም አሉ። ድምፀ ተአቅቦ ነው ወይ ተባሉ፤ እሱ ምን እንደሆነ አላውቅም አሉ። “አልገባኝም። ላልገባኝ ነገር እጄን አላወጣም፤ ደግማችሁ አንብቡት” አሉ። ወንዶቹ እጃቸውን እንዳወጡ አጉረመረሙ። ወረቀቱ ሁለተኛ ተነበበ። አሁንም አልገባኝም አሉ። ሦስተኛ፣ ቀስ ተብሎ፣ ቃል በቃል ተነበበ።

ሦስተኛው ንባብ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ እሳቸውም እንዳልገባቸው ተናገሩ። ከዚያ እጃቸውን ያወጡት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አወረዱ።