ሻለቃ ባሻ ተክሉ ምክር ሊቀበሉ ሄዱ

በዚህ አገር ውሃ የሌለው ከተማ አለ፤ መብራት የሌለውም ሞልቷል፤ መካሪ የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። ያቤሎ ብትሄዱ አለ። ቡሌ ሆራ ከአውቶቡስ ስትወርዱ ሻንጣችሁን በየትኛው እጅ መያዝ እንደሚገባችሁ የሚነግራችሁ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃችኋል። የነገሌ ቦረናው ግን ከሁሉም ይለያል። እሳቸውም የእኛው ክቡር ሻለቃ ባሻ ተክሉ ናቸው።

ሻለቃ ባሻ በሰማንያዎቹ ከጦሩ ጋር ነገሌ መጡ። ጡረታ ሲወጡ ጦሩን ተሰናበቱ እንጂ ማዘዙን አልተሰናበቱም። ከዚያ ወዲህ የከተማውን ሕዝብ ሃይማኖትና ጎሳ ሳይለዩ በነፃ ይመክራሉ። ሁልጊዜም «ነገሩ ቀላል ነው» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም።

መኪና ነድተው አያውቁም፤ የባጃጅ ሾፌሮችን ግን ዳገት ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚቀየር ያስተምራሉ። በገበያ ቀን ግመል ተራ ይቆሙና፣ ከግመል ጋር አድጎ ከግመል ጋር ያረጀውን ሰውዬ «ይቺ ግመልህ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ጠዋት ጠዋት በቀኝ በኩል አስነሳት» ይሉታል። ሰውዬው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ግመሏ ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ በቆሙበት ሰዓት ሙሽራውን በክንዱ ጎተት አድርገው ስለ ትዳር ትዕግሥት ይመክሩታል። በከተማችን አፉን ከፍቶ ፎቶ ያልተነሳ ሙሽራ ጥቂት ነው።

አንዴማ ለቅሶ ቤት ሴቶቹን ሲያስተናብሩ ተገኙ። «ቀስ በሉ፣ በተራ በተራ አልቅሱ! ሁላችሁም ባንዴ ከደከማችሁ ከሰዓት ለሚመጣው እንግዳ ማን ያለቅስለታል?» አሉ። ሴቶቹ ተቆጡ። የሚያናድደው ግን ሰውዬው ትክክል ነበሩ፤ ከሰዓት ከሻኪሶ የመጡት ዘመዶች ደርሰው የሚያላቅሳቸው አጡ።

እናም አንድ ቀን ከገበያው አጠገብ ባለው ፎቅ ላይ «የተቀናጀ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት» የሚል ታፔላ ተሰቀለ። ሻለቃ ባሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ደጋግመው አነበቡት። እሳቸው በሕይወት እያሉ ሌላ መካሪ! ያውም በክፍያ! «ምክር እንደ ስኳር በኪሎ ሊሸጥ ነው?» እያሉ እስከ ቤታቸው ድረስ አጉረመረሙ። የከፈተችው ረሆቦት ናት፤ አባቷ እዚሁ አስተማሪ የነበሩ፣ ሥነ ልቦና ተምራ የተመለሰች የነገሌ ልጅ። በልጅነቷ ብስክሌት ስትለማመድ ሻለቃ ባሻ «ፍሬን የፈሪ ነው፣ አትንኪው!» ብለው መክረዋት ቦይ ውስጥ ገብታለች።

ቤት ሲደርሱ ስለዚህ ጉድ የሚያወሩት ሰው አጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንቄ ጨዋታ ካቆሙ ሰንብተዋል።

ስንቄ የጉጂ ልጅ ናቸው። ድሮ ወሬ ሲጀምሩ ጎረቤት ድስቱን ጥዶ እየረሳ ይሰማቸው ነበር። ከዐቢይ ጾም በፊት ቡሌ ሆራ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው አሸቱ ሞቱ። ከለቅሶው በተመለሱ ማግሥት ሻለቃ ባሻ አጠገባቸው ተቀምጠው «ነገሩ ቀላል ነው» ብለው ጀመሩ። ሞት ለማንም እንደማይቀር፣ በጠዋት ተነስቶ ግቢ መጥረግ ለሐዘን ፍቱን እንደሆነ፣ ማልቀስ ዓይን እንደሚያደክም ሁሉን አስረዱ። ስንቄ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመልሱት መልስ አንድ ሆነ።

«እንዴት አደርሽ?»

«ናጋ።»

«ልጆቹ ደወሉ?»

«ናጋ።»

«ኧረ ምን ሆነሻል?»

«ናጋ።»

በእኛ አገር ናጋ ሰላም ማለት ነው። ሰው ከብቱ አልቆበትም ቢሆን ሲሰላመድ መጀመሪያ «ናጋ» ነው የሚለው። ክፉውም ደጉም ወሬ የሚመጣው ቆይቶ፣ ረጋ ብለው ሲጠያየቁ ነው። ስንቄ ግን ናጋው ላይ ቀሩ፤ ወሬው አልመጣም። ጥይት ያልበገራቸው ሻለቃ ባሻ ይህን ዝምታ ፈሩት። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሚስታቸው ናፈቋቸው።

ስለዚህ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ረሆቦት ዘንድ ቀጠሮ ያዙ። ሊመከሩ እንዳይመስላችሁ! ስንቄን የምታስተካክልላቸው ባለሙያ ሊያሰማሩ ነው። ደግሞ ለትዳር ጉዳይ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለምና እንደ ወጉ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ። ሽማግሌው ኦቦ አረሮ ነበሩ፤ በጉጂ ምድር ያላስታረቁት ሰው ያልተጣላ ብቻ ነው።

ኦቦ አረሮ ዱላቸውን ይዘው ገቡና የረሆቦትን ወንበር መርጠው ተቀመጡ። «አካም፣ ልጄ? ናጋ? ሰፈሩ ናጋ? ዝናቡስ?» ብለው ሰላምታውን አዳረሱ፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ ነገሩን አምጡት። ከሳሽ ይቅደም።»

ረሆቦት ሳቋን ዋጠች። «ኦቦ፣ እዚህ ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ጋሽ ተክሉ የሚነግሩኝ ነገር ደግሞ እዚሁ ይቀራል፤ ማንም አይሰማውም።»

«ሽማግሌም?»

«ሽማግሌም።»

«ታዲያ ማነው የሚፈርደው?»

«ማንም አይፈርድም፣ ኦቦ።»

ኦቦ አረሮ ሻለቃ ባሻን በሐዘኔታ አዩአቸው፤ ዳኛ የሌለበት ቦታ ጥለዋቸው መሄዱ ከበዳቸው። ያም ሆኖ መርቀው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ባልና ሚስት አግኝተው፣ ረሆቦት ሳትደርስባቸው አስታርቀው ወደ ቤታቸው ላኳቸው።

«የተቀናጀ ማለትሽ ምን ማለት ነው?» አሉ ሻለቃ ባሻ ብቻቸውን ሲቀሩ።

«አንድ መንገድ ብቻ ይዤ አልሠራም» አለች ረሆቦት። «አንዳንዱ ሰው የድሮውን መለስ ብሎ ማየት ያስፈልገዋል። አንዳንዱ የዛሬ ሐሳቡንና ልማዱን መፈተሽ፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚሰማው ሰው ብቻ። ለሰዉ የሚስማማውን እያየሁ አቀናጃለሁ። ይህን አድርጉ ይህን ተዉ እያልኩ ግን ብዙ አልመክርም።»

«ገባኝ! እግረኛው፣ መድፈኛው፣ መሐንዲሱ፣ ሁሉም በአንድ እዝ ሥር። ነገሩ ቀላል ነው። ግን የምክር ቤት ከፍተሽ ካልመከርሽ ታፔላው ውሸት ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ወንበርሽን እዚህ ምን አመጣው? ከሰዓት ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ ነው የሚገባው…»

የመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲህ ረሆቦት ስትመከር አለቀ። ወንበሩን ግን አዛውራዋለች።

በሁለተኛው ቀጠሮ አስቀደመቻቸው። «እትዬ ስንቄ ስለ እህታቸው ምን ነገሩዎት?»

«እኔማ ያልኳት፣ ሞት ማለት ለሁሉም…»

«እርስዎ ያሉትን አይደለም፣ ጋሽ ተክሉ። እሳቸው ያሉትን።»

ሻለቃ ባሻ ትዝታቸውን መፈተሽ ጀመሩ። አሸቱ ምን ይወዱ ነበር? እህትማማቾቹ በምን ይስቁ ነበር? ስንቄ ከሁሉ በላይ የጎደላቸው ምን ይሆን? ልጆች ወልደው ባሳደጉባት ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር የተባለ አንዲት ቃል ፈልገው አጡ። ከታች የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ሻለቃ ባሻ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አልጠየቅኳትም እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ይህን ሁሉ ረሆቦት አወራችው ብላችሁ እንዳታሟት። እሷ ትንፍሽ አላለችም፤ ለከተማው የተረኩት ራሳቸው ሻለቃ ባሻ ናቸው።

ከዚያ ወደ ልምምድ ገቡ። ረሆቦት ስንቄን ትሆናለች፣ እሳቸው ደግሞ ራሳቸውን።

«ዛሬ ደክሞኛል» አለች ረሆቦት።

«ተኚ!»

«ጋሽ ተክሉ፣ መጀመሪያ ይጠይቁኝ እንጂ።»

«ለምን አትተኚም?»

ይሄም ጥያቄ ነው ብለው እስከ ሰዓቱ መጨረሻ ተከራከሩ።

ወታደር ናቸውና ግን ልምምድ አይንቁም። በየሄዱበት ይለማመዱ ጀመር። የባጃጅ ተራ ላይ ቆመው ዝም። ግመል ተራ ላይ ዝም። ሰርግ ተጠርተው ሙሽራው ፎቶውን በሰላም እንዲነሳ ተዉት። ከተማው ደነገጠ። «ባሻን ምን ነካብን? ታመው ይሆን እንዴ?» ተባለ። ዓብዱልባሲጥ የሚባለው ሾፌር ጭንቀቱ ሲበዛበት ባጃጁን ሆን ብሎ አንድ ጎማዋን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ፣ መንገዱን ዘግቶ አቆማትና ጠበቃቸው። ሻለቃ ባሻ መጡ፣ አዩ፣ ባጃጇን አንድ ጊዜ ዞሯት።

«እንዴት ዋልክ፣ ልጄ?» ብለው አለፉ።

የዚያን ቀን ተራው ላይ ጨዋታ የሚባል አልነበረም። እንዴት ያለ ነገር ነው! ያን ሁሉ ዘመን ስናሾፍባቸው ለካ ወደናቸዋል። የማንንም ማርሽ፣ የማንንም ግመል እንደ ራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚጨነቅ ሌላ ማን አለን?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስንቄ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ሻለቃ ባሻ ዱካ ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። እንዲህ ፈርተው የተቀመጡበትን ቀን አያስታውሱም።

«ስንቄ፣ እስቲ ስለ አሸቱ ንገሪኝ።»

ስንቄ ቀና ብለው አዩአቸው። ምክሩ እስኪመጣ ጠበቁ። አልመጣም። ጥቂት ምስር ለቀሙና እንደገና አዩአቸው። አሁንም አልመጣም።

«ምኗን?»

«ደስ ያለሽን።»

ስንቄ እየፈሩ ጀመሩ። ቡሌ ሆራ ሀገረ ማርያም ይባል በነበረ ጊዜ ለሁለት አንድ ጫማ ነበራቸው። አሸቱ ጠዋት ይማሩበታል፤ ስንቄ ከሰዓት። መንገድ ላይ ተገናኝተው እየተሳሳቁ ይቀያየራሉ። አንድ ቀን አሸቱ ጫማውን እንዳደረጉ ጨዋታ ላይ ቀልጠው ቀሩና… እዚህ ላይ የስንቄ ድምፅ ተሰበረ። የጫማውን ወሬ ትተው ወደ ስልክ ወሬ ዘለሉ። እህትማማቾቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደዋወሉ ነበር። ስንቄ ዛሬም ቅዳሜ ሲመጣ ወደ አሸቱ ቁጥር ይደውላሉ። ስልኩ አይሠራም የምትለውን ሴትዮ እስከ መጨረሻው ያዳምጡና ይዘጋሉ። ሻለቃ ባሻ ይህን ሲሰሙ እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

«ቁጥሯን ላጥፋው ወይስ ይቀመጥ?» አሉ ስንቄ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ይሻላል?»

ሻለቃ ባሻ አሰቡ። ይጥፋ ቢሉ ልክ አልመጣላቸውም። ይቀመጥ ቢሉም ልክ አልመጣላቸውም። የስንቄን ፊት አዩ።

«አላውቅም» አሉ።

«ምን አልክ?»

«አላውቅም፣ ስንቄ። እውነቴን ነው።»

ስንቄ አፈጠጡባቸው። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ሳቃቸው ገነፈለ። ሰፌዱ ከጉልበታቸው ወደቀ፤ ምስሩ ተበተነ፤ ዶሮዎቹ ከየጥጋቱ እየሮጡ መጡ። ጎረቤታቸው ኦብሴ ምን ተፈጠረ ብላ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። ሻለቃ ባሻ ምኑ እንደሚያስቅ ፈጽሞ አልገባቸውም፤ ያንን ሳቅ ግን ናፍቀውት ኖረዋልና እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ምስሩን ከዶሮዎቹ ለማስጣል ጎንበስ ሲሉ ስንቄ ክንዳቸውን ያዙ።

«ተወው፣ ይብሉት። አንተ ቁጭ በል፤ የጫማውን ነገር መች ጨረስኩልህ!»